ከአፍ እስከ መቀመጫ ስንት ፌርማታ ነው

ያ ክረምት የሳል ክረምት ነበር። ዝናቡ ጠዋት ይጀምርና ሃይ የሚለው አጥቶ እስከ ማታ ይወርዳል። የአውቶቡሱ መስኮት በሰው ትንፋሽ ይታፈናል፤ ልጆች በጣታቸው ዶሮ ይሥሉበታል፣ ዶሮዋም ሳይቆይ ማልቀስ ትጀምራለች። እርጥብ ካፖርት፣ እርጥብ ጃንጥላ፣ እርጥብ ካልሲ አንድ ላይ ይሸታል። ደግሞም ይሞቃል። ሰው በሰው ላይ ተደግፎ፣ ከፊት በር አንዱ ሲያስል ከኋላ በር ሌላው እየተቀበለው፣ ተራ ሳይዛነፍ እስከ መጨረሻው ይዘልቃል። ያን ጊዜ በዚያ መስመር የተሳፈረ ሰው፣ ዛሬም ዝናብ ሲጥል ያ ሙቀት ደረቱ ላይ ይመጣበታል። ጉንፋን እንኳ ይናፈቃል ወይ ቢባል፣ አዎ ይናፈቃል።

ከኋላ በር አጠገብ ከፍ ባለችው ወንበር ላይ ትኬት ቆራጯ ትቀመጥ ነበር። እናትና አባቷ ያወጡላት ስም አላት፤ ግን ከደመወዝ መዝገብ በቀር የሚያስታውሰው አልነበረም። ሁሉም «እትዬ ፌርማታ» ነው የሚላት። ሃያ ሁለት ዓመት በአንድ መስመር፣ በአንድ አውቶቡስ፣ ከአንድ ሾፌር ጋር ስትሠራ ኖራ፣ ዓለምን ሁሉ በፌርማታ መለካት ለመደች። ከሠርግ ስትመለስ «እንዴት ነበር?» ቢሏት፣ «ጥሩ ነበር፤ ምሳው ሦስት ፌርማታ ዘገየ እንጂ» ትላለች። ስለ ጎረቤቷ ባል ስትጠየቅ ደግሞ፣ «ደግ ሰው ነው፤ ብቻ ነገር የሚገባው ሁለት ፌርማታ ካለፈ በኋላ ነው» ትላለች።

ሾፌሩ ጋሽ ፍሬቻ ይባላል። ይህ ስም በከንቱ አልወጣለትም። ሊዞር ሲል፣ በእግሩም ቢሆን፣ አስቀድሞ ራሱን ወደዚያው ዘንበል ያደርጋል። ገበያ መሀል ከኋላው የሚሄድ ሰው ወዴት እንደሚታጠፍ ያውቃል። ሰፊ ሰው ነው፤ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ደግሞ ቤቱ ስለማይሞቀው የባሰ አውቶቡሱ ውስጥ ይውላል። ወንበሩ በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ በሰውነቱ ልክ ጎድጉዶለት ነበር። ሌላ ሰው ከተቀመጠበት ይሰምጣል፤ እሱ ሲቀመጥበት ግን እንቁላል በጎጆው ነው።

እንግዲህ የቆርቆሮዋ ነገር የመጣው እንዲህ ነው። አንድ ቀን ዘወትር የሚሳፈር አስተማሪ ጉሮሮው ተሻለውና ሐኪም ካዘዘለት ክኒን ግማሹ ተረፈው። መጣሉ ነውር መሰለው። «እትዬ፣ ለቸገረው ስጪልኝ» ብሎ እጇ ላይ አኖረው። በማግሥቱ አንዲት ሴት ስታስል ሰጠቻት። በሦስተኛው ቀን ሌላ ተሳፋሪ የራሱን ትርፍ አመጣ። ከዚያ ወዲያ ማን ያቁመው። እትዬ ፌርማታ ባዶ የብስኩት ቆርቆሮ ከወንበሯ ሥር አስገባች፤ ሕጉም «ያለህን ጣል፣ የሚያስፈልግህን አንሳ» ሆነ።

ክኒኖቹን በቀለማቸው ትለያለች። ትኬቱም በቀለም ነዋ፤ ቢጫው ለቅርብ፣ ቀዩ ለመካከለኛ፣ አረንጓዴው እስከ ተርሚናል። ልኩን ደግሞ በፌርማታ ታወጣዋለች። መነሻው አፍ ነው። ጉሮሮ አንድ ፌርማታ ነው፣ አንድ ክኒን። ደረት ሁለት። ሆድ ሦስት። ጉልበት አምስት። የእግር አውራ ጣት ተርሚናል ነው፣ ሰባት።

«ጆሮዬን ነው የሚያመኝ፣ እትዬ» አለቻት አንድ ቀን አንዲት ልብስ ሰፊ።

እትዬ ፌርማታ ጥቂት አሰበች። «ጆሮ ወደ ኋላ መመለስ ነው። ግማሽ ይበቃሻል» አለችና በጥርሷ ገምሳ ሰጠቻት።

ጉንፋን ደግሞ ደግ በሽታ ነው። ቢያክሙትም በሳምንቱ ይሄዳል፣ ባያክሙትም በሳምንቱ ይሄዳል። ምስጋናውን ግን ቆርቆሮዋ ትወስደው ጀመር። «ያቺ ቢጫዋ አዳነችኝ» የማይል ጠፋ። ከሁሉም በላይ የቆርቆሮዋ ደንበኛ ራሱ ጋሽ ፍሬቻ ነበር። ካስነጠሰ ሁለት፣ እጁን ምስማር ከቧጠጠው ሁለት ይውጣል። ትንሽ ሲሻለው ያቆማል። «ከደረስኩ በኋላ ምን ያስነዳኛል?» ይላል።

ክረምቱ አጋማሽ ላይ ጋሽ ፍሬቻ አንድ ጠዋት ገና ሞተር ሳያስነሳ ወደ ኋላ ዘንበል አለ።

«እትዬ፣ ዛሬ ወንበሯ ነከሰችኝ።»

የነከሰችው ወንበሯ አልነበረችም፤ ብጉንጅ ነው። ያውም በቀኝ በኩል፣ ክብደቱ ሁሉ በሚያርፍበት ቦታ። ያን ቀን በግራ ጎኑ ብቻ ተቀምጦ ነዳ። በማግሥቱ ግማሽ ቆሞ ነዳ። በሦስተኛው ቀን መሪውን ታቅፎ እንደ ፈረስ ጋላቢ ተነሥቶ ሲነዳ፣ ከውጭ የሚያዩት ሰዎች ሊጋጭ መስሏቸው መንገድ ይለቁለት ነበር። ነገሩም የተሳፋሪው ሁሉ ሆነ።

«ስንት ይዋጥ?» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ከአፍ እስከ መቀመጫ ስንት ፌርማታ ነው?»

«አራት» አለ አንዱ ቋሚ። «ጉሮሮ፣ ደረት፣ ሆድ፣ ከዚያ እሱ።»

አስተማሪው መነጽሩን አወለቀ። «ይሄ በየትኛው መንገድ እንደሄድን ይወሰናል። በውጭ በኩል ከሆነ አራት ነው። በውስጥ በኩል ከሆነ ግን፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ የመጨረሻው ፌርማታ ነው።»

«የሚውጠው በውስጥ ነዋ።»

«ብጉንጁ ያለው ግን በውጭ ነው።»

ጋሽ ፍሬቻ ከፊት ሆኖ፣ «እናንተ ስትጨቃጨቁ እኔ ቆሜ ቀረሁ» አለ። ነገሩ በሽምግልና አለቀና ስድስት እንዲሆን ተወሰነ። ሦስቱን ያን ዕለት ዋጠ፣ ሦስቱን ለነገ ኪሱ ውስጥ ከተተ፤ በማግሥቱ ግን ትንሽ ቀለል ስላለው ወደ ቆርቆሮዋ መለሳቸው።

ብጉንጁ ከሎሚ ወደ ብርቱካን አደገ። ጋሽ ፍሬቻ ትኩሳት ይዞት ቤቱ በደረቱ ተኛ። የስምሪት ኃላፊው፣ ክፉ ሰው ሳይሆን ደንብ የሚወድ ሰው ነው፣ ቤቱ ድረስ መጥቶ በአልጋው ግርጌ ቆመ።

«ደንቡ ሠላሳ ቀን ነው» አለ። «እስከ ሠላሳ ቀን ካልተመለስክ መኪናዋ ለሌላ ሾፌር ትሰጣለች። አንተ ዋናው በር ላይ ጥበቃ ትሆናለህ። መቼም ጥበቃ ቀኑን ሙሉ የሚቆም ነውና ላንተ አይከፋም።»

ጋሽ ፍሬቻ ፊቱን ትራሱ ውስጥ ቀበረ። እትዬ ፌርማታ ከሥራ ስትወጣ እየመጣች በቢጫው ሞከረች፣ በቀዩ ሞከረች፣ በአረንጓዴው ሞከረች። እንዲህ እያለች ዘጠኝ ቀን አለፈ። በአሥረኛው ቀን ተነሥ ብላ ሆስፒታል ወሰደችው። በታክሲው የኋላ ወንበር ላይ ተንበርክኮ፣ አገጩን በወንበሩ መደገፊያ ላይ አድርጎ፣ ከኋላ የሚመጡትን መኪኖች እያየ ሄደ። «ሁሉም ተጠግተው ይነዳሉ» አለ በሐዘን።

ዶክተሯ ወጣት ናት፤ ፀጉሯን በእርሳስ ጠቅልላ ሰክታዋለች። ብጉንጁን ከፈተችው፤ የወጣውንም ወደ ላቦራቶሪ ላከች። ጩኸቱ በኮሪደሩ ስለተሰማ ተራ ከሚጠብቁት መካከል ሁለቱ ተሽሎናል ብለው ሄዱ።

«ከዚህ በፊት ምን መድኃኒት ወስደዋል?» ብላ ጠየቀችው።

የጋሽ ፍሬቻ ራስ፣ እንደ ልማዱ፣ ወደ ቀኝ ዘንበል አለ። በቀኝ በኩል እትዬ ፌርማታ ቦርሳዋን ታቅፋ ቆማለች።

«አልፎ አልፎ ክኒን ነገር» አለች እትዬ ፌርማታ።

ከሦስት ቀን በኋላ ዶክተሯ አንዲት ክብ የመስታወት ሳህን ይዛ መጣች። በሳህኗ ላይ ጀርሙ እንደ ቀጭን እርጎ ተዘርግቷል፤ በላዩም ትናንሽ ክብ ወረቀቶች ተደርድረዋል።

«እያንዳንዷ ወረቀት አንድ መድኃኒት ይዛለች» አለች። «መድኃኒቱ የሚሠራ ከሆነ በወረቀቷ ዙሪያ ባዶ ቦታ ይታያል። ጀርሙ እዚያ ማደግ አይችልም ማለት ነው። ይሄ የሌላ ሰው ነው፣ ተመልከቱ።» ሌላ ሳህን አሳየቻቸው፤ በየወረቀቱ ዙሪያ ባዶው ቦታ እንደ መላጣ ክብ ክብ ብሏል። «ይሄ ደግሞ የርስዎ ነው።»

በጋሽ ፍሬቻ ሳህን ላይ ጀርሙ ወረቀቶቹ ድረስ መጥቶ ተደግፏቸዋል። አንዳንዶቹን ትራስ ያደረጋቸው ይመስላል። ከአንዲት ወረቀት በቀር ባዶ ቦታ ያላት አልነበረችም።

እትዬ ፌርማታ መነጽሯን አድርጋ ጎንበስ አለች። «ከሥራ መውጫ ሰዓት ይመስላል» አለች። «አንዱም ቦታ አይለቅም።»

ዶክተሯ አልሳቀችም። «ይህ እንዲሁ አይመጣም። ምንድን ነው የወሰዱት?»

ያን ጊዜ እትዬ ፌርማታ ቦርሳዋን ከፍታ ቆርቆሮዋን አወጣች። ዶክተሯ ነጭ ጨርቅ ዘርግታ ክኒኖቹን አፈሰሰቻቸውና በመቆንጠጫ እያነሣች ለየቻቸው።

«ይቺ አንቲባዮቲክ ናት። ይቺም። ይቺ የጨጓራ ናት። ይቺ የወሊድ መቆጣጠሪያ ናት። ይቺ ለውሻ የሚሰጥ የትል መድኃኒት ናት። ይቺ…» አገላብጣ አየቻት፤ ወደ መስኮቱ ብርሃን ወሰደቻት። «ይቺ የካፖርት ቁልፍ ናት።»

«እሷን የወሰደው ሰውዬ ግን ድኖ ነው የመለሰልኝ» አለች እትዬ ፌርማታ ቀስ ብላ።

ዶክተሯ መቆንጠጫውን አስቀመጠችና እንደ ልጅ በቆርቆሮዋ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠች። ስትናገር ቁጣ አልነበራትም፤ ያ ነው የባሰው።

«አንድ ሁለት ክኒን ተውጦ ሲቆም የሚያልቁት ደካሞቹ ናቸው፣ እማማ። መድኃኒቱን የቻሉት ይቀራሉ። ቦታው ለነሱ ይለቀቃል፣ እንደ ልባቸው ይራባሉ። ከዚያ በእጅ፣ በፎጣ፣ በመደገፊያ ብረት ከሰው ወደ ሰው ይሻገራሉ። ድሮ እንዲህ ያለውን የምናየው እዚህ ብዙ ቀን በተኙ ሕመምተኞች ላይ ነበር። አሁን ከውጭ መጥተው ታክመው በሚሄዱትም ላይ እናገኘዋለን።»

«በየትኛው መስመር ነው የሚመጡት?»

«በሁሉም መስመር።»

ስንቱ ተሳፋሪ እጁን ዘርግቶ እንደተቀበላት፣ ስንቱ አመስግኗት እንደወረደ፣ አንድ በአንድ በእትዬ ፌርማታ ሐሳብ መጣ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ማንንም ካለ ፌርማታው አላወረደችም ነበር።

የቀረችው አንዲት መድኃኒት በደም ሥር የምትሰጥ ናት። በቀን ሁለት ጊዜ፣ ለአሥራ አራት ቀን። «መሀል ላይ ካቋረጡት» አለች ዶክተሯ፣ «ይቺም ወረቀት እንደሌሎቹ ትሞላለች። ከዚያ ወዲያ የምሰጥዎት የለኝም።» ጋሽ ፍሬቻ በጣቱ ቆጠረ። አሥራ ሦስት ቀን አልፏል። አሥራ አራት ሲጨመር ሃያ ሰባት። ሦስት ቀን ይተርፋል። ግን የሱ ነገር ይታወቃል፤ ሲሻለው ይወርዳል።

እትዬ ፌርማታም ይህንን ታውቃለች። ስለዚህ የተጠራቀመ የዓመት ፈቃዷን ሁሉ ወሰደች፤ ከዕቃ ግምጃ ቤትም ጊዜው ያለፈበት አንድ ጥራዝ ትኬት ለመነች። ሲስተሯ መድኃኒቱን ልትሰጥ ስትመጣ እትዬ ፌርማታ ተነሥታ አንድ ትኬት ቆርጣ ለጋሽ ፍሬቻ ትሰጠዋለች።

«አንደኛ ፌርማታ። መንገዱ ሃያ ስምንት ነው።»

«መሄጃው የት ነው?» ይላታል።

«ወንበርህ።»

በሦስተኛው ቀን በክፍሉ ያሉት አምስት ሕመምተኞች በሙሉ ትኬት ካልተቆረጠልን አንወጋም አሉ። ሲስተሯ መጀመሪያ ተቆጣች፣ በኋላ ግን አንድም ሰው መድኃኒት አልረሳም አልደበቀም፤ እሷም ዝም አለች። አንድ ሽማግሌ ትኬቱን ከትራሱ ሥር አስቀምጦ ለሚጠይቀው ሰው ሁሉ «ዘጠነኛ ላይ ነኝ» እያለ ያሳይ ነበር።

በስድስተኛው ቀን ማታ ላይ ጋሽ ፍሬቻ ትኩሳቱ ጠፋ። ቁስሉም ሟሸሸ። በጀርባው ተኛ፤ ተገልብጦም ሳቀ። ይኸኔ ነው አስተማሪው ስድስት የተቀቀለ እንቁላልና አንድ ወሬ ይዞ የመጣው።

«መኪናዋን ቀጭኑ ነው የያዛት» አለ እንቁላል እየላጠ። ቀጭኑ የሚባለው ሌላ ሾፌር ነው፤ ስሙም መልኩም አንድ ነው። «ወንበሩ አስቸገረው። ጉድጓዱ ውስጥ እየሰመጠ መሪውን እንጂ መንገዱን አላይም አለ። ነገ ስፖንጁን ሊያስቀይረው ነው።»

ጋሽ ፍሬቻ እንቁላሉን አስቀመጠ። ወደ በሩ ዘንበል አለ፤ የክፍሉ ሰው ሁሉ ሊነሣ መሆኑን አወቀ። ግሉኮስ የተንጠለጠለበትን ዘንግ በአንድ እጁ ይዞ፣ የሆስፒታል ፒጃማው ከኋላ እንደተከፈተ፣ መንገድ ጀመረ።

«ወራጅ አለ» አለ።

እትዬ ፌርማታ ከመቼው ከወንበሯ ተነሥታ በሩ ላይ እንደቆመች ያየ የለም።

«ፌርማታ አይደለም» አለች።

«ተሽሎኛል፣ እትዬ።»

«አሥራ ሁለተኛው ላይ ነን።»

«ሃያ ሁለት ዓመት ክፈት ስትዪኝ ከፈትኩ፣ ዝጋ ስትዪኝ ዘጋሁ። ዛሬ አንድ ቀን እኔ ክፈቺ ልበል።»

«የፊት በር ያንተ ነው። የኋላው የኔ ነው።»

«ይሄ ክፍል አንድ በር ብቻ ነው ያለው» አለ አስተማሪው፣ ማንም ሳይጠይቀው።

ጋሽ ፍሬቻ ድምፁ ወረደ። «በቆርቆሮሽ እዚህ ያደረስሽኝ አንቺ ነሽ እኮ።»

ሽማግሌው ማኘኩን አቆመ።

«እኔ ነኝ» አለች እትዬ ፌርማታ። «ለዚህም ነው በሩ ላይ የቆምኩት።»

እሱ ቆመ፣ እሷም ቆመች። የግሉኮሱ ጠብታ ሲወርድ ይሰማል። ከብዙ ጊዜ በኋላ የጋሽ ፍሬቻ ራስ ቀስ ብሎ ወደ ግራ ዘንበል አለ። አልጋው በግራ ነበር።

ሦስት ቀን አኮረፋት። የሚናገራት በሲስተሯ በኩል ነው። «ለሴትዮዋ መስኮቱን ትዝጋ በይልኝ» ይላል፤ ሴትዮዋ አጠገቡ ተቀምጣ ካልሲውን ትሰፋለች። ትኬቱን ግን ይቀበላል።

እሷስ ዝም አላለችም። በኩርፊያው በመጀመሪያው ጠዋት፣ ከመድኃኒቱ በኋላ፣ ወደ ጋራዡ ሄዳ በመካኒኩ አስፈታችና የሾፌሩን ወንበር ስፖንጅ እንዳለ አወጣችው። በነጠላዋ አስራ እንደ ልጅ አዝላው በአውቶቡስ ተሳፈረች። ትኬት ቆራጩ «ልጅሽ ትልቅ ነው፣ እትዬ» ቢላት፣ «ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው» አለችው። ቀጭኑ በጆንያ ላይ ተቀምጦ ነዳ፤ መንገዱም ታየው።

አዝላው ስትገባ ጋሽ ፍሬቻ አየ፤ ኩርፊያው ስላላለቀ ወደ ግድግዳው ዞረ። ትከሻው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ሳቅ ይሁን ለቅሶ አልተለየም።

ደስታው አልቆየም። በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ዶክተሯ ገብታ ከአልጋው ሥር ስፖንጁን አየችው። ጨርቁ በቀኝ በኩል ተቀድዶ ነበር፤ ከብጉንጁ የወጣው ሁሉ ውስጥ ገብቶ ደርቋል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ወንበሩ ነው» አሏት፣ ስድስት ሰው በአንድ ድምፅ።

ዶክተሯ ጓንት አድርጋ ስንጥቁን ገለጥ አደረገች። «ይህ ታጥቦ አይጠራም። እርስዎ ቢድኑም እሱ ላይ ሲቀመጡ ተመልሶ ሊይዝዎ ይችላል። የሚቀመጥበትን ሌላውንም ሰው።» ጓንቷን እያወለቀች፣ «ይቃጠል» አለች።

ሁሉም ጋሽ ፍሬቻን አዩት። እሱ እጁን ዘርግቶ ጉድጓዱን በመዳፉ ሊዳስሰው ሲል፣ ዶክተሯ ዓይኗን ስታፈጥበት መለሰው።

«እትዬ» አለ፤ ከሦስት ቀን በኋላ የመጀመሪያ ቃሉ ነበር፣ «ስንተኛው ላይ ነን?»

«አሥራ ዘጠነኛው።»

«እንግዲህ ይሂድ» አለ። «ውሰጂው፤ ብቻ ሲቃጠል አትንገሪኝ።»

ሃያ ስምንተኛውን ትኬት ስትቆርጥለት የክፍሉ ሰው አጨበጨበ። ከሠላሳው ቀን በሃያ ስምንተኛው ጋሽ ፍሬቻ የስምሪት ኃላፊው ፊት ቀረበ። ኃላፊው ደንብ ወዳድ ነውና፣ ባዶ የእንጨት ወንበር አምጥቶ «አንድ ሰዓት ተቀመጥ» አለው። ተቀመጠ። ኃላፊው ሰዓቱን እያየ፣ እትዬ ፌርማታ ጋሽ ፍሬቻን እያየች፣ ጋሽ ፍሬቻ ጣራውን እያየ ስልሳ ደቂቃ አለፈ። ፊቱ አልተኮማተረም። የመኪናዋ ቁልፍ ተመለሰለት።

አዲሱ ስፖንጅ እንደ ድንጋይ ነበር፤ አራት ጣት ከፍ አድርጎት ራሱ ጣራውን ሊነካ ደረሰ። የመጀመሪያውን ቀን ሙሉ አጉረመረመ። «እንግዳ ቤት የተቀመጥኩ ይመስለኛል» አለ። ከሁለተኛው ቀን በኋላ ግን፣ ከዚያ ከፍታ የእግረኞቹ አናት ሁሉ እንደሚታየው ነገራት። መላጣዎቹን ይቆጥርላት ጀመር።

እትዬ ፌርማታ ቆርቆሮዋን ለሆስፒታሉ ፋርማሲ አስረክባ ነበር። ተሳፋሪዎች ግን አልለቀቋትም፤ ልብስ ሰፊዋ ደግሞ ጆሮዋ ተመልሶባት መጣች።

«እትዬ፣ ያቺን ግማሿን።»

«የለኝም።»

«ጨከንሽ?»

«አልጨከንኩም፣ እህቴ። ሐኪም ይይሽ። አንቲባዮቲክ አያስፈልግሽም ካለሽ አትውጪ፤ እስከዚህ ቀን ዋጪ ካለሽ ደግሞ ቢሻልሽም እስከዚያ ቀን ዋጪ። ሆስፒታሉ ሦስተኛው ፌርማታ ነው፤ እዚያ ስንደርስ እኔው ራሴ አወርድሻለሁ።»

አወረደቻትም። በሩ እንደተከፈተ ይቆይ ብላ፣ ሴትዮዋ ግቢው ውስጥ እስክትገባ ድረስ አውቶቡሱን አስቆመችው። ከኋላ ያሉት መኪኖች ሁሉ ክላክስ ነፉ።

ጋሽ ፍሬቻ ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ነድቶ ጡረታ ወጣና ሴት ልጁ ወዳለችበት ከተማ ሄደ፤ እዚያው አረፈ። ትኬት በማሽን መቆረጥ ሲጀምር እትዬ ፌርማታም ወረደች። መጨረሻ የተሰማው፣ ከታናሽ እህቷ ልጅ ጋር፣ ከብስክሌት ጠጋኙ ሱቅ በላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ ከደረጃው በስተግራ ባለው ክፍል እንደምትኖር ነው።